የአድማጮች ቤት ቆጣሪ

የአገሩን ስም አልጠራም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ ስሙን ቢሰሙት ምንም አይጨምርላቸውም። እኔ የኖርኩት ከዚያ አገር ከተሞች በአንዷ ነው፤ እንጀራዬም ማድመጥ ነበር። ይህን ሌላ አገር ሄጄ ስናገር ይስቁብኛል። ማድመጥ ደግሞ ምን ሥራ ነው ይሉኛል። እኛ ዘንድ ሰው ሐዘኑን ለቤተሰቡ እንደማይናገር ስለማያውቁ ነው።

ከአንድ ገበታ አብረውህ የሚበሉ ሰዎች ሐዘንህን ከሰሙ፣ ሐዘኑ ከምግቡ ጋር ተቆርሶ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ባል ለሚስቱ፣ እናትም ለልጇ የልቧን አትናገርም። የልብ የሚነገረው ለማይዛመድ፣ አብሮ ለማይበላ ሰው ነው። ለዚሁ ተብሎ በየከተማው የአድማጮች ቤት ነበር። የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ ከአንድ አድማጭ ጋር ክፍል ዘግቶ ይቀመጣል፣ ያለውን ተናግሮ ይሄዳል። ሳይናገር የቀረ ሰው ነገሩ አጥንቱ ውስጥ ይገባበታል እንላለን። በዚህ የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ። የከተማው ሐኪም የሞት ምክንያት ሲጽፍ «ያልተሰማ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ አንብቦ የሚገረም አልነበረም።

አድማጭ ድምፅ አያሰማም። ሙያው ማለት ይኸው ነው። ሰው ሲነገረው አፉ ዝም ብሎ አይቀመጥለትም፤ «እህ» ይላል፣ «ውይ» ይላል፣ «አይዞህ» ይላል። ደግነት ይመስላል፤ ደግነትም ነው። ነገር ግን «እህ» የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚናገረውን ለሰሚው እንዲጥም አድርጎ መምረጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የመጣበት ነገር ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ጀማሪዎች ሳለን አፋችንን ውሃ ሞልተን ነበር የምናደምጠው። ውሃውን የዋጠም ያፈሰሰም ከክፍሉ ይወጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ።

ሌላው ሕጋችን የሰማነውን አለመናገር ነው። ለማንም፣ መቼም። አሁን ግን የማወራላችሁ ሁለት ሴቶች ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ የአድማጮች ቤትም የቆጣሪ መጠገኛ ሆኗል። ስለዚህ እናገራለሁ።

አንደኛዋ ጥሩአየር ናት፤ ከእኔ አጠገብ ባለው ክፍል ትሠራ የነበረች አድማጭ። ከሁላችንም የላቀች ነበረች። ስለሞተች አይደለም እንዲህ የምለው፤ በሕይወት ሳለችም እያናደደችኝ እንኳ እለው ነበር። ከክፍሏ ውጭ ለፍላፊ ናት። ገበያ ደርሳ ስትመለስ የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ትተርካለች፤ ካልሳቅኩላት «አንተ ደረቅ» ብላ ትሰድበኛለች። ክፍሏ ገብታ በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ተናጋሪው ጫማ ላይ ጥላ ትቀመጣለች። ያኔ ሥራችን የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውዬው የዚያን ማታ ራቱን በላ ወይ ነው። የበላ እንደሆነ ከቤተሰቡ አንዱ በማግሥቱ በደጃችን ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። በጥሩአየር መስኮት በኩል ሰው ሁሉ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እያየሁ እቀና ነበር።

ሁለተኛዋ ሴት አሰገደች ትባላለች፤ የግንበኛው የጋሽ ላቀው ሚስት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጥሩአየር ክፍል መጣች። ለራሷ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ይትባረክ ከአባቱ ጋር የከተማውን የውሃ ማማ ሲገነቡ ከላይ ወድቆ ሞቷል፤ ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ተበጥሶ ነው። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ቀብሮታል። ከቀብሩ ወዲህ ጋሽ ላቀው የልጁን ስም አንሥተው አያውቁም። ይሠራሉ፣ ይተኛሉ፤ ገበታ ሲቀርብ ግን አንድ ጉርሻ ይዘው ሌላው ሰው እስኪጨርስ ያላምጣሉ። አሰገደች ይህን ሁሉ የተናገረችው በሩ ሥር ቆማ ነው። ጥሩአየር ተቀመጪ ብትላት፣ ወንበሩ ለእኔ አይደለም ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻም፣

«ካልተናገረ ይሞትብኛል» አለች። «እኔ እንዳልጠይቀው ባንድ ገበታ ነው የምንበላው። አንቺ ጠብቂልኝ። እስኪናገር ድረስ ጠብቂልኝ።»

አድማጭ ቃል አይሰጥም። ጥሩአየር ግን እጠብቃለሁ አለቻት።

ጋሽ ላቀው በየረቡዑ መምጣት ጀመሩ። ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ይሄዳሉ። ጥሩአየር፣ የሰማሁት ነገር ስለሌለ ብነግርህ ሕግ አልጣስኩም እያለች ስለእሳቸው ታጫውተኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ድንጋይ ናቸው ትለኝ ነበር። በኋላ ትንፋሻቸው መለወጡን ነገረችኝ። ወራት ካለፉ በኋላ ደግሞ አንድ ረቡዕ ማታ በር ስንዘጋ፣ ነገሩ ከሆዳቸው ተነሥቶ ደረታቸው ደርሷል አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጉሮሯቸው እስኪደርስ ከተጠበቀ ከዚያ በኋላ በራሱ እንደሚወጣ ታውቅ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልጋት ጊዜና ዝምታ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም እኛ ቤት ሞልተው ተርፈው ነበር።

የመላመድ ጽሕፈት ቤት ወደ ከተማችን የመጣው በዚያ ዓመት ነው።

ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው ዘመኑ ተለውጧልና ሠራተኛው ሁሉ ከዘመኑ ጋር ይላመድ ተብሎ ነው። መላመድ የሚቻለው ደግሞ ሥራው በመረጃ ሲታወቅ ነው፤ መረጃ የሚገኘው ከቆጣሪ ነው። መጀመሪያ ለፀጉር አስተካካዮች መቀስ ላይ ቆጣሪ ተገጠመ። ቆጣሪው የመቀሱን መከፈትና መዘጋት ስለሚቆጥር ፀጉር አስተካካዮቻችን ደንበኛ ሲጠፋ ደጃቸው ላይ ቆመው አየር መቁረጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ለጎዳና ጠራጊዎች መጥረጊያ ላይ ተገጠመ። ንጹሕ መንገድ ላይ መጥረጊያው ስለሚፈጥን የቆሸሸውን መንገድ የሚነካው ጠፋ። በየማለዳው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው የሚቀሰቅሱ ቀስቃሾች ነበሩን፤ ለእነሱ የሚሆን ቆጣሪ ገና አልተሠራም ተብሎ የመጠባበቂያ አዳራሽ የሚባል ቤት ተሠራላቸውና እዚያ በክብር ተቀመጡ። ከልማድ የተነሣ ጎህ ሳይቀድ ነቅተው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይውሉ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። የሁሉም ሙያ ቁጥር አደገ፣ ቁጥሩም አደባባይ ላይ ተለጠፈ፤ ሕዝቡ እያነበበ ይደሰት ነበር። እኔም ተደስቻለሁ።

እኛ ቤት የተላከው ሹም ናሁሠናይ የሚባል ወጣት ነበር። በሁለት እጁ የሚጨብጥ፣ ሳጥኖቹን ራሱ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ጨዋ ልጅ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከአድማጩ ወንበር በላይ አንድ አንድ የቆጣሪ ሳጥን ሰቀለ። ከአድማጩ ወንበር ድምፅ ሲወጣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ካልወጣ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ከደንበኛው ወንበር የሚወጣውን ድምፅ ደግሞ ለብቻው ይቆጥራል። አስረድቶን ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ያልገባን ብዙ ነገር ነበር፤ ሆኖም ዝም ማለት ስለለመድን ዝም አልን።

የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ የቤቱ ሥራ በሙሉ ዜሮ ሆነ። ከደንበኞቹ ወንበር የወጣው ድምፅ ግን እጅግ ብዙ ነበር። የመላመድ ጽሕፈት ቤት ነገሩን መርምሮ፣ በአድማጮች ቤት ሥራውን የሚሠሩት ደንበኞቹ መሆናቸውን ደረሰበት። እንዲያውም ደንበኞቹ ይቀጠሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሐዘናቸው ሲያልቅ ምን ላይ ይመደባሉ የሚለው ስላስቸገረ ቀረ።

ስብሰባ ተጠራ። ጥሩአየር ተነሥታ ሥራችን ዝምታ ነው አለች። ናሁሠናይ ይህን በጥሞና ሰማና ጻፈው። ከዚያም ቀና ብሎ በሰዓት ስንት ዝምታ ይሆናል ሲል ጠየቃት። ማፌዙ አልነበረም። ጥሩአየር አሰብ አድርጋ አንድ አለችው። ልጁ አዘነ፤ አንድ በጣም ትንሽ መሆኑን፣ ከዚህ በላይ ካልተገኘ ቤቱን ማትረፍ እንደማይችል እየተጨነቀ አስረዳን።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ሦስት ድምፆች ተፈቀዱልን። ተናጋሪው ሲጀምር «እህ»፣ መሐል ሲደርስ «ውይ»፣ ሲጨርስ «አይዞህ»። በአዳራሽ ተሰልፈን ጮክ ብለን እንለማመድ ነበር። አፋችንን በውሃ ዘግተን ያደግን ሰዎች ነንና መጀመሪያ የሚወጣልን ድምፅ የታነቀ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን ቶሎ ለመድኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ለካ ስንት ዓመት «ውይ» ማለት አምሮኝ ኖሯል።

ጥሩአየር እምቢ አለች። አልተከራከረችም፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ እንደ ድሮው ሠራች እንጂ። የእኛ መብራት አረንጓዴ ሲሆን የእሷ ቀይ እንደሆነ ዋለ። የክረምቱ ደመና መሰብሰብ ሲጀምር ናሁሠናይ ሊያነጋግራት መጣ። በሩን ክፍት አድርገው ስለነበር ሰምቻቸዋለሁ። ክፍልዎ ሊዘጋ ነው አላት፤ እርስዎ ወደ መጠባበቂያ አዳራሽ ይሄዳሉ፣ ደንበኞችዎ ደግሞ ለሌሎች አድማጮች ይከፋፈላሉ። ጥሩአየር ስለራሷ አልጠየቀችውም። አንድም ቃል የማይናገር ደንበኛ የማን ድርሻ እንደሚሆን ነው የጠየቀችው።

«እነዚያ ባዶ ወንበር ተብለው ነው የሚያዙት» አላት። «የሚተላለፉበት የለም፣ እትዬ። ተናጋሪ ስላልሆኑ።»

በማግሥቱ ጥሩአየር ሥልጠናው አዳራሽ ገብታ ከፊት ተሰለፈች።

እሷ አንድ ነገር ከያዘች እንደ እኔ ለብ ለብ አታደርገውም። ሳጥኑ የሚያወጣው የክፍሉን የሳምንት ድምር መሆኑን ከናሁሠናይ ጠይቃ ተረዳች። ስለዚህ የሌሎቹ ደንበኞች ሰዓት በድምፅ ከሞላ የጋሽ ላቀው አንድ ሰዓት ባዶ ቢሆን የሚነካው የለም። ሌሎቹን ቀናት ሸጬ ረቡዕን እገዛበታለሁ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ «እህ» ስትል የማትገኝበት ቦታ አልነበረም። አትክልት ስትገዛ ለሻጯ «እህ»፣ ጎረቤቷ ስለ ጥርሷ ስትነግራት «ውይ»፣ ድስቱ ሲፈላ ሁሉ «አይዞህ» ትለው ነበር አሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከክፍሌ እሰማታለሁ። ድምፁ መጀመሪያ ሸካራ ነበር፤ ውሎ አድሮ ለሰለሰ፣ በኋላም እንደ ትንፋሽ ያለ ሐሳብ የሚወጣ ሆነ። መብራቷ ከሁላችንም በላይ አረንጓዴ ሆኖ መዋል ጀመረ።

ደንበኞቹም ተላመዱ። ረጅምና አስቸጋሪ ሐዘን ያለው ሰው እየቀረ፣ በቶሎ «ውይ» የሚያስብል ሐዘን የያዘ ሰው ይበዛ ጀመር። አንዳንዱ የራሱ አልበቃ ሲለው የጎረቤቱን ተውሶ ይመጣ ነበር። በደጃችን ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍ ሰው መጥፋቱን ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ረቡዕ ግን ረቡዕ ሆኖ ቀጠለ። ጋሽ ላቀው ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ፣ ሳጥኑ ቀይ እንደሆነ ሰዓቱ ያልቃል። ጥሩአየር ከዚያ ክፍል ስትወጣ ፊቷ ያበራ ነበር። ብልጠቷ ያኮራት ነበር፤ እኔም ኮራሁባት። አንድ ቀን ጉሮሯቸው ደርሷል አለችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ረቡዕ የሆነውን የነገረችኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ላቀው ገቡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አላኖሩም፤ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ሁለት እጃቸውን አጣመሩ። ደጅ ዝናብ ነበር። ሰዓቱ ወደ መጋመሱ ሲጠጋ ራሳቸውን ቀና አደረጉና አፋቸውን ከፈቱ።

«ገመዱን…» አሉ።

«እህ» አለች ጥሩአየር።

ሳታስበው ነው። ከአፏ የወጣው እሷ ከማወቋ በፊት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ብርሃኑ የጋሽ ላቀውን ግንባር ነካው። ሽማግሌው ቀና ብለው ሳጥኑን አዩት። ከዚያም እሷን አዩ፤ ትኩር ብለው ሳይሆን ሰው ቤት ተሳስቶ የገባ ሰው የቤቱን ባለቤት እንደሚያይ አድርገው። ነገሩ ከጉሮሯቸው ተመልሶ ሲወርድ አየችው።

«…ገመዱን ነጋዴዎቹ አስወደዱት» አሉ። «ሚስማሩንም እንደዚሁ። ኖራማ አይቀመስም።»

ከዚያ ስለ ኖራ ቀጠሉ፣ ከኖራ ወደ ጥርብ ድንጋይ፣ ከጥርብ ድንጋይ ወደ ሠራተኛ መጥፋት። ሰዓቱ እስኪያልቅ አላቋረጡም። እኔ በግድግዳው ወዲህ ሆኜ የጋሽ ላቀውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁና ደስ ብሎኝ ግድግዳውን በእጄ መታ መታ አደረግኩላት። ስትወጣ እንኳን ደስ አለሽ ልላት ተነሣሁ። ፊቷን ሳይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ያላደረገችው ነገር የለም። በቀጣዩ ረቡዕ እንደ ጀማሪ አፏን ውሃ ሞልታ ገባች። ጋሽ ላቀው ግን መንገዱን አግኝተውታል፤ ገና ሲቀመጡ ስለ ገበያው ጀመሩ። እሷ ዝም ባለች ቁጥር ዝምታውን በወሬ ይደፍኑላታል፤ ሴትዮዋ የምትፈልገው ይህን መሆኑን ስለተረዱ ሊያስቀይሟት አልወደዱም። ጨዋ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ሲመለሱ አሰገደች ዛሬስ ስትላቸው፣ ተናገርኩ ይሏት ነበር።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከመላመድ ጽሕፈት ቤት የጋሽ ላቀው ውጤት መጣ። ለስንት ወር ባዶ የነበረ ወንበር በአንድ ጊዜ ሞልቶ ስለተገኘ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ነበር። ድነዋል ተብሎ ተወሰነ። ለዳነ ሰው ሰዓት ስለማይያዝ ረቡዕ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጥሩአየር ደግሞ በአደባባይ ተጠርታ «የተላመደች» የሚል አረንጓዴ ጥብጣብ ደረቷ ላይ ተሰካላት። ናሁሠናይ ከማንም በላይ አጨበጨበ። ሰዎች ሲበተኑ እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ልጄ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብቻ ሳጥኑን ንቀልልኝ» አለችው። «ሰውዬውንም መልስልኝ። አልዳኑም።»

«እትዬ፣ አሁን ብመልሳቸው እንደገና ታመሙ ተብሎ ነው የሚያዝባቸው» አላት። «እንደዚህ ያለ ውጤት አግኝተው እኔ ላበላሽባቸው አልችልም። እርስዎም አይጨክኑም።»

ከልቡ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር ጥሩአየር ራሷ ነግራኛለች።

አድማጭ የደንበኛውን ቤት አይረግጥም፤ ከገበታው ይቋደሳል ተብሎ ስለሚፈራ። ስለዚህ ልትሄድባቸው አልቻለችም። ሥራ ስትወጣ የውሃ ማማው ባለበት በኩል ዞራ መሄድ ጀመረች። አንዳንዴ ይገናኛሉ። ጋሽ ላቀው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሏታል፣ የሲሚንቶ ዋጋ የት እንደደረሰ ይነግሯታል፣ እሷም ቆማ ትሰማለች። በየጊዜው እየከሱ ነበር። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። ኀፍረቱ እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር ብላኛለች፤ ግን እህ ማለቱን መተው አልቻለችም። ሲሚንቶ ሲሏት እህ፣ አሸዋ ሲሏት እህ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሞቱ። ሐኪሙ ምክንያቱን እንደ ድሮው ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ቆጣሪው ድነዋል ስለሚል «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

አድማጭ ለቅሶ መድረስ ይችላል፤ ከኋላ መቀመጥና እህል አለመቅመስ ብቻ ነው ያለበት። እኔና ጥሩአየር አብረን ሄድን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አሰገደች ከፊት ተቀምጣ፣ ሰው ሲያጽናናት ራሷን እየነቀነቀች፣ አላለቀሰችም። እኛን ስታይ ተነሣች። እርዳታ ሳትፈልግ በሰዎቹ መካከል አልፋ እኛ ያለንበት ድረስ መጣችና የጥሩአየርን እጅ ያዘች።

«ሕጋችሁን አውቀዋለሁ፤ ምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም» አለቻት። «በየሳምንቱ ተናገርኩ ይለኝ ነበር። ይዞት እንዳልሄደ ካወቅሁ ለእኔ ይበቃኛል። በአፍሽ አትናገሪ፤ ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ።»

ከጎናቸው ነበርኩ። ጥሩአየር ራሷን እንድትነቀንቅ በሆዴ ለመንኩ። እኔ ብሆን እነቀንቅ ነበር። ሴትዮዋ ባሏም ልጇም የለ፤ የቀራት ይቺው ማጽናኛ ነበረች፤ እሷን ለመስጠት ደግሞ ቃል እንኳ አያስፈልግም ነበር።

«አልተናገሩም» አለች ጥሩአየር። «አንድ ቀን ጀምረው ነበር። አንዲት ቃል። እኔ አቋረጥኳቸው።»

አሰገደች የያዘችውን እጅ አልለቀቀችም። ከንፈሯ ነጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ስለ ቀብሩ ይነጋገሩ ነበር። እስክትጮህባት ወይም እስክትመታት ጠበቅሁ።

«የቷን ቃል?» አለች አሰገደች።

ጥሩአየር እድሜዋን ሙሉ የሰማችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቀና ብላ የሴትዮዋን ዓይን አየች።

«ገመዱን» አለቻት።

አሰገደች ደግፈን ሳንይዛት ራሷ ወርዳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጥሩአየርም አጠገቧ ተቀመጠች። አሰገደች ያቺን ቃል ለራሷ ደጋገመቻት፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። በሦስተኛው ላይ አላቆመችም።

«ገመዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «አዲሱ ነበረ። ለውሃ ጉድጓዱ ይሆናል ብዬ እሱን ሸሽጌ፣ ለዛሬ ይኸኛው ይበቃል ብዬ አሮጌውን ለልጄ ሰጠሁት። ላቀው ቆሞ አይቷል። አይቶ አንድ ቀን አልተናገረኝም።»

ጋሽ ላቀው የዚያን ረቡዕ ሊሉ የነበሩት ይህን ይሁን ሌላ፣ ማናችንም አናውቅም። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ ሊሉም ይችሉ ነበር። አሰገደች ግን ቀጠለች፤ ከልጁ ወገብ ጀምራ፣ ከማለዳው ጀምራ። ለቀስተኛው አንድ ባንድ ዝም እያለ ሄደ፤ ሴት በገዛ ግቢዋ፣ ከገበታዋ በሚቋደሱ ሰዎች ፊት የልቧን ስትናገር ከተማው አይቶ አያውቅም። ጥሩአየር ያ «እህ» ከደረቷ ሲነሣ ተሰማት። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችና አፏ ውስጥ አስገብታ በጥርሷ ነከሰችው፤ ዓይኗን ከአሰገደች ጫማ ላይ አላነሣችም። አሰገደች እስኪመሽ ተናገረች።